ከዶቨር ራምስታይን፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ፦ በአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ትርፍ ወንበር እንዴት ይኬዳል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ሰንበቴያችን ቡና ሲፈላ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ጋሼ፣ እውነት በጦሩ አውሮፕላን በነጻ ነው የምትሄዱት?» እውነት ነው። እኔ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ቢሾፍቱ ያለችውን እናቴን ለማየት ስንሄድ አትላንቲክን የምንሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ደላዌር ካለው ከዶቨር የጦር ሰፈር (ቤዝ) ተነስተን ጀርመን ራምስታይን ያለው የአሜሪካ ቤዝ እንወርዳለን፤ ከዚያ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በሲቪል አየር መንገድ ቲኬት ገዝተን እንሄዳለን። ጦሩ ውስጥ ያሉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ መብቱ እያላቸው የማያውቁት ደግሞ ይበዛሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ ስፔስ ኤ ይባላል። የአሜሪካ አየር ኃይል ጭነት፣ ወታደርና መለዋወጫ ይዞ ከቤዝ ወደ ቤዝ ሁልጊዜ ይበራል። አውሮፕላኑ የሚነሳው ለራሱ ሥራ ነው። ሥራው ከተጫነ በኋላ የተረፈ ወንበር ካለ መብቱ ላላቸው ሰዎች ይሰጣል። ካልተረፈ የለም። ዛሬ ሃያ ወንበር አለ ተብሎ ማታ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ ቢበላሽ፣ ጉዞው ቢሰረዝ፣ መንገድ ላይ ለሥራ የሚሄድ ሰው መጥቶ ከወንበራችሁ ቢያስነሳችሁ፣ ሆቴል የሚይዝላችሁም ቲኬት የሚገዛላችሁም የለም።

ገንዘብ ይተርፋል፣ ቀን ግን ይበላል። ተርሚናል ውስጥ ሦስት አራት ቀን ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። መመለሻ ቲኬት ሊያስገዛ የሚችል ገንዘብ በካርዱ ላይ የሌለውም እንዲሁ። እኔ ከቤት ስወጣ የሁለታችንን የአንድ ጉዞ ቲኬት ዋጋ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ካልተነካ ተመልሶ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል።

ለለቅሶ በስፔስ ኤ አትሂዱ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። የእኛ አገር ቀብር ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ነው፤ ትርፍ ወንበር ጠብቆ የሚደረስበት አይደለም። በሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች መርዶ ከመጣ መጀመሪያ ቤተሰቦቻችሁ በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል መልእክት ያስልኩ። አለቆቻችሁ የአስቸኳይ ፈቃድ የሚሰጡት በእሱ ላይ ተመሥርተው ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተመደበ ወታደር ከሆናችሁ ጉዞውን መንግሥት ሊከፍልላችሁ ስለሚችል ጠይቁ። የአስቸኳይ ፈቃድ ያለው ሰው በስፔስ ኤ መዝገብ አንደኛ ምድብ ነው። ቢሆንም ቲኬት መግዛት ከቻላችሁ ግዙ።

መብቱ ያለው ማነው? ፈቃድ የወጣ ወታደር፣ በጡረታ የወጣ፣ እንዲሁም የጦሩን የቤተሰብ መታወቂያ የያዙ የትዳር ጓደኞቻቸውና ልጆቻቸው። እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩ ባለቤቴ መሳፈር የምትችለው ከእኔ ጋር ስትሆን ነው፤ ብቻዋን አይፈቀድላትም። እህት፣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት አይካተቱም።

«አራት ዓመት አገልግዬ በክብር ተሰናብቻለሁ፣ እኔስ?» የሚለኝ ልጅ ብዙ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችን በቋንቋ ችሎታቸው ጦሩ ይቀበልበት በነበረው በማቭኒ ፕሮግራም በአማርኛ ችሎታቸው የገቡ ብዙ ልጆች አሉን፤ ኮንትራታቸውን ጨርሰው የወጡ። ለእነሱ ይህን መንገር ይከብደኛል፤ ማገልገል ብቻውን አይበቃም። ጡረታ ያስፈልጋል። በፈረንጆች 2018 የወጣው ሕግ አንድ በር ከፍቷል። ቋሚና ሙሉ፣ ማለትም መቶ በመቶ፣ የአካል ጉዳት የተወሰነለት ቪተራን መሳፈር ይችላል። እሱም አሜሪካ ውስጥ፣ ወይም ከዋናው ምድር ወደ አላስካ፣ ሃዋይ፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋምና ወደመሳሰሉት ነው። ጀርመን አያደርሰውም። ቤተሰቡንም ይዞ መሄድ አይችልም።

ስድስት ምድብ አለ። አንደኛው የአስቸኳይ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው መደበኛ ፈቃድ የወጣ ወታደር ነው፤ አብዛኞቻችሁ እዚህ ናችሁ። መሐል ያሉት ሩቅ ቦታ ተመድበው የሚያገለግሉና ያለ ወታደሩ የሚጓዙ ቤተሰቦች የሚገቡባቸው ናቸው። ስድስተኛው የእኛ የጡረተኞቹ ነው፤ መጨረሻ። ወንበሩ በሚታደልበት የስም ጥሪ ጊዜ የላይኛው ምድብ ሳያልቅ ወደ ታች አይወረድም። በአንድ ምድብ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠራል። ማዕረግ አይታይም። ኮሎኔል ከእኔ በኋላ ተመዝግቦ ከሆነ ከእኔ በኋላ ይጠራል። ሥርዓቱን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁልፍ የምዝገባ ቀን ነው። ምዝገባ 60 ቀን ይቆያል። ጡረተኛ ከቤቱ ሆኖ በኢሜይል መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ልሄድ ካሰብኩበት ቀን ሃምሳ ቀን ያህል ቀድሜ እልካለሁ። ያኔ የመሄጃዬ ሰሞን ስሜ ከምድቤ አናት ላይ ይሆናል። 60 ቀኑ እንዳያልቅብኝም ጥቂት ቀን ይተርፈኛል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ግን ፈቃዱ ሳይጀምር መመዝገብ አይችልም። ፈቃዱ በጀመረበት በመጀመሪያው ደቂቃ ኢሜይሉን ላኩ። ሌሊትም ቢሆን ላኩ። ፈቃዱ ሲያልቅ ምዝገባውም አብሮ ያልቃል።

ምዝገባ በየተርሚናሉ ለየብቻ ነው። ዶቨር የተመዘገበ ባልቲሞር ላይ አይታወቅም። እኔ ለዶቨር፣ ለባልቲሞር፣ ለኒው ጀርዚው ማክጓየርና ለደቡብ ካሮላይናው ቻርልስተን በአንድ ቀን እልካለሁ። በአንድ ምዝገባ እስከ አምስት መድረሻ መጥቀስ ይቻላል። ጀርመን፣ ስፔን፣ እንግሊዝ፣ ጣሊያን እላለሁ፤ አምስተኛውን «ሁሉም» ብዬ እሞላለሁ። የላካችሁትን ኢሜይል ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ አትሙና ያዙ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይገባ ቀርቶ ቢገኝ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ለመመለሻውም ከመሄዳችሁ በፊት ለራምስታይን ተመዝገቡ። አገር ቤት እያላችሁ የመመለሻው ተራ እየበሰለ ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው መሄጃውን ብቻ ያስባል።

አሁን ስለ ወቅቱ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ለሐበሾች ደስ የሚል ነገር አለው። የአሜሪካ ጦር ቤተሰቦች ከቤዝ ወደ ቤዝ የሚዛወሩት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ተርሚናሉ በልጆችና በሻንጣ ይሞላል። በፈረንጆች ገና ሰሞንም እንዲሁ። ለስድስተኛ ምድብ ሰው እነዚያ ወራት ከባድ ናቸው። የእኛ በዓላት ግን አብዛኞቹ ከዚያ ግርግር ውጭ ይውላሉ። መስቀል ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ከመለሱ በኋላ ነው፤ ከዓመቱ ጥሩ ከሚባሉት ሰሞኖች አንዱ። ፋሲካ የበጋው ዝውውር ከመጀመሩ በፊት ይገባል። በየካቲትና በመጋቢት የሚሄድ ደግሞ ባዶ ወንበር መርጦ ሊቀመጥ ይችላል። የሚያስቸግረው የእኛ ገና ነው። ለታኅሣሥ 29 መድረስ የሚፈልግ የሚነሳው ፈረንጆቹ ከፈቃድ በሚመለሱበት ሰሞን ነው። እኔ ለገና ቲኬት እገዛለሁ፤ ለመስቀልና ለፋሲካ በስፔስ ኤ እሄዳለሁ።

ከየት ልነሳ ለሚለው፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ሁለት ጥሩ ምርጫ አለን። አንደኛው ባልቲሞር፣ ቢ ደብሊው አይ ነው። እዚያ ፓትሪዮት ኤክስፕረስ የሚባለው አለ። ጦሩ የተከራየው የሲቪል አየር መንገድ አውሮፕላን ነው፤ ወንበሩም ምግቡም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው። ለግብር የሚሆን መጠነኛ ገንዘብ ያስከፍላል። ትንንሽ ልጆች ላላቸውና እግራቸውን ለሚያማቸው ይህን እመክራለሁ። ሁለተኛው ደላዌር ያለው ዶቨር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ይነዳል። ሲ-5 እና ሲ-17 የሚባሉት ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች መናኸሪያ ነው። ከዚያ ወደ ራምስታይን በረራ ቶሎ ቶሎ ይገኛል። ለቤታችን የሚቀርበው ሜሪላንድ ያለው የአንድሩስ ቤዝ ቢሆንም ወደ አውሮፓ የሚሄድ እዚያ ጠብቆ ማግኘት ብርቅ ነው።

የየተርሚናሉ የ72 ሰዓት ሰሌዳ የአየር ኃይሉ የማጓጓዣ ክፍል በሆነው በኤር ሞቢሊቲ ኮማንድ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ሰሌዳው መድረሻውን፣ የስም ጥሪውን ሰዓትና የወንበሩን ብዛት ያሳያል። ከቁጥሩ አጠገብ «ኤፍ» ካለ የተረጋገጠ ነው፤ «ቲ» ካለ ገና ሊለወጥ ይችላል። ልሄድ ካሰብኩበት ሳምንት በፊት ሰሌዳውን ጠዋትና ማታ አያለሁ። በየትኛው ቀን እንደሚበዛ፣ ስንት ወንበር እንደሚለቀቅ ይለመዳል። ስልክ ደውሎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ሠራተኞቹ በትሕትና ይመልሳሉ።

ተርሚናል ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ሄዳችሁ መገኘታችሁን አስመዝግቡ። ይህ ከስም ጥሪው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት። መገኘቱን ያላስመዘገበ ሰው ከ50 ቀን በፊት ቢመዘገብም አይጠራም። ሰነድ ስትይዙ የጦሩን መታወቂያ፣ ፓስፖርትና ለወታደር ደግሞ የፈቃዱን ወረቀት አትርሱ። ከጥሪው በፊት መኪናችሁ ቆሞ፣ ሻንጣችሁ ተዘግቶ፣ ልጆች ሽንት ቤት ደርሰው መመለስ አለባቸው። ስም ሲጠራ ሁሉም የቤተሰብ አባል እዚያው መገኘት አለበት። «ባለቤቴ መኪና እያቆመች ነው» ብትሉ ጠሪው ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሻንጣ አስረክቦ፣ ተፈትሾ፣ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ ከተርሚናሉ አትራቁ።

በትልልቆቹ አውሮፕላኖች ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ 70 ፓውንድ፣ ወደ 32 ኪሎ ማለት ነው። ይህን አይታችሁ አትጎምጁ። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ የሚወስዳችሁ የሲቪል አየር መንገድ በሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚለው። ከመጀመሪያውም በ23 ኪሎ ጠቅልሉ። ትንሽ አውሮፕላን ከመጣ ደግሞ የሚፈቀደው 30 ፓውንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዕቃ የቀለለው ሰው ምርጫው ብዙ ነው።

አደራ ዕቃ ነገር አለ። «በነጻ አይደል የምትሄዱት፣ ይቺን ብቻ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ተጠቅልሎ የታሸገ ነገር በፍጹም አትቀበሉ። መድኃኒትም ከሆነ ከፍታችሁ እዩ፤ ማሸጊያው ላይ የማን ስም እንዳለ አንብቡ። ለንግድ የሚሆን ዕቃ ማመላለስ ደግሞ ሕጉ ይከለክላል። ስፔስ ኤ ለግል ጉዳይ እንጂ ለገቢ ማግኛ አይደለም። አንድ ሰው ሲያበላሽ ሌላውም በጥርጣሬ ይታያል።

አውሮፕላኑን ልንገራችሁ፤ ባለቤቴ የመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ዝም ብላ ጣሪያውን ነበር የምታየው። ሲ-17 ውስጡ እንደ ትልቅ መጋዘን ነው። ወንበሩ በሁለቱ ግድግዳ ተደርድሮ ፊቱ ወደ መሐል ነው፤ 54 ሰው ያስቀምጣል። መሐሉ ላይ በመረብ የታሰረ ጭነት አለ፣ አንዳንዴም ተሽከርካሪ። ጩኸቱ ከባድ ነው። የጆሮ መድፈኛ ይሰጣችኋል፤ አድርጉት። ወለሉ ይበርዳል። ሲ-5 ከሆነ ደግሞ ቀጥ ባለ መሰላል ወደ ፎቁ ትወጣላችሁ። እዚያ እንደ ሲቪል አውሮፕላን ያለ ወንበር አለ፣ ፊቱ ግን ወደ ኋላ ነው። ከተነሳ በኋላ አይታወቅም። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ስለ መሰላሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ልብስ በተመለከተ፣ የተሸፈነ ጫማ ግዴታ ነው። ነጠላ ጫማና ተረከዘ ረጅም አይፈቀድም። ረጅም ሱሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሹራብ ያዙ። ጋቢ ያዙ! ሌላው ሰው የመኝታ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። እኛ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበን ከዶቨር ራምስታይን ያለውን ስምንት ሰዓት ገደማ እንተኛለን። አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ጭነቱን የሚቆጣጠረው ሎድማስተር ከፈቀደ ወለሉ ላይ ዘርጋ ብሎ መተኛት ይቻላል። ሳትጠይቁ አትነሱ፣ ጭነቱንም አትንኩ። ሠራተኞቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ የእናንተ አስተናጋጆች አይደሉም። በትሕትና ለሚጠይቃቸው ግን እጅግ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

ምግብ ከተርሚናሉ በርካሽ ዋጋ የምሳ ሳጥን ማዘዝ ይቻላል። በጾም ወቅት ግን ሳጥኑ ሥጋ ወይም አይብ አያጣም። ባለቤቴ የሽሮ ፍርፍር በዕቃ፣ ዳቦ ቆሎና ለውዝ ትይዛለች። ጠረኑ የሚበረታውን ወጥ እቤት ተዉት፤ መስኮት የሚከፈትበት ቦታ አይደለም።

ራምስታይን ስትደርሱ አንድ ነገር እንዳታልፉ። የጀርመን ድንበር ፖሊስ መግባታችሁን በፓስፖርታችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ። ወታደር ነን ብላችሁ ሳትመዘገቡ ብትወጡ፣ ፍራንክፈርት ላይ ወደ አዲስ ስትሳፈሩ «በየት ገባችሁ?» ይባላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለቱሪስት 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ባለቤታችሁ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የያዘችው የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። የጦሩ መታወቂያ ቪዛ አይሆንም። ይህን ሳያጣሩ የሚነሱ ሰዎች ጉዞ እዚያው ያበቃል። ለአገር ቤት መግቢያ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱ፣ ያለው ቪዛ አያስፈልገውም። ጊዜው እንዳላለፈ እዩ።

የፍራንክፈርት–አዲስ ቲኬት ራምስታይን እግራችሁ ሳይረግጥ አትግዙ። የግድ ቀድማችሁ ከገዛችሁ ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ከራምስታይን ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከካይዘርስላውተርን ባቡር አለ፣ ብዙ ጊዜ ማንሃይም ላይ ይቀየራል። ከመሳፈር በፊት የሚያርፍ ሰው ቤዙ ውስጥ ራምስታይን ኢን የሚባል ማረፊያ አለ። ከተርሚናሉ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል። አልጋ ካልተገኘ የአካባቢው ትንንሽ ከተሞች የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ተርሚናሉ ውስጥ ያለው ዩ ኤስ ኦ የሚባለው ወታደሮችን የሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ቡናና መቀመጫ አይነፍግም። ከፍራንክፈርት አዲስ በረራው ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ስትመለሱ ፈቃዳችሁ ከሚያልቅበት ቢያንስ አምስት ቀን ቀድማችሁ ራምስታይን ድረሱ። ወታደር የሆናችሁ በተለይ። «ወንበር አጣሁ» ለዘገየ ወታደር ምክንያት አይሆንም። ሦስት ጥሪ አልፏችሁ ጊዜው ከጠበበ ያን ለይታችሁ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ አውጡና ከፍራንክፈርት ቲኬት ቁረጡ። አትጨነቁበት፤ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ወደ ዶቨር ብቻ አትጠብቁ። ወደ ማክጓየር፣ ወደ ባልቲሞር፣ ወደ ቻርልስተን የሚሄድ ሁሉ አሜሪካ ያደርሳል። ቤዝ ላይ ስትወርዱም የጉምሩክ ፍተሻ አለ። በርበሬና ሽሮ ያዛችሁ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ጻፉ። ቋንጣ አታምጡ፤ ሥጋ አይገባም፣ ይወሰድባችኋል።

መኪናችሁ ዶቨር ቆሞ እናንተ ቻርልስተን ከወረዳችሁ ኖርዝ ቻርልስተን ላይ የአምትራክ ባቡር አለ፤ ዋሽንግተን ያመጣችኋል። ከዚያ ዶቨር ድረስ የሚነዳችሁ ዘመድ ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ያዙ። ተርሚናሉ የረጅም ጊዜ መኪና ማቆሚያ አለው። ስንት ቀን እንደሚፈቅድና ምን ወረቀት መስታወቱ ላይ እንደሚለጠፍ መኪናውን ከማቆማችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ጠይቁ።